ያልተቆላው ቆሎ

ደብረ ታቦር ውስጥ እንደኔ ቆሎ የሚያሰማምር ባጃጅ ነጂ የለም። አባቴን ደም ግፊት ሲይዛቸው ሐኪሟ «ጨው ይቅርብዎ፤ ጥሬ ለውዝና የዱባ ፍሬ ይብሉ» አለቻቸው። እኔ ከሦስተኛ ክፍል የተመረቅሁት ሊቅ፣ ለውዙን፣ የዱባ ፍሬውንና ሱፉን ለቅሜ ቀላቀልኩና በከረጢት አስሬ እሳቸው የሚኖሩበት ገሳይ ድረስ ወሰድኩላቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሄድ ከረጢቱ እንደታሰረ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። አባቴ ከመደቡ ለመነሳት እንኳን ሁለቴ ያርፋሉ።

«አባዬ፣ ለምን አልበሉትም?»

«ያልተቆላ ነገር ዘር ነው። ዘር ይበላል እንዴ? ክረምት ሲገባ እዘራዋለሁ።»

«ለውዝ በዚህ ብርድ አይበቅልም እኮ!»

«ሂድ ወዲያ! ሦስት እግር ያለው ነገር እየነዳህ ስለ እርሻ ታስተምረኛለህ?»

ልቆላው አሰብኩ፤ ከቆላሁት ግን ያለ ጨው አይቀምሱትም። ከረጢቱን ከምሰሶው አወረድኩት።

«ይልቅ ቁጭ በልና ስባሪውን ልቀምልኝ» አሉኝ። «ስባሪ አይበቅልም፤ እሱን እበላዋለሁ።»

ስባሪው እፍኝ አይሞላም። እሳቸው ፊታቸውን ወደ በሩ ባዞሩ ቁጥር አንድ አንድ ለውዝ በጥፍሬ ለሁለት እከፍላለሁ። ከረጢቱ ግን ሙሉ ነው።