ፊቷን ከጡቴ ያዞረች ዕለት

የልጄ ሕመም የጀመረው ፊቷን በማዞር ነው። ቡሬ ካለው የበርበሬ መጋዘን ስመለስ ጡቴ በወተት ተወጥሮ ቀሚሴን አርሶት ነበር። ሰጠኋት። ያዘች፤ ለቀቀች፤ ጮኸች። ደግሜ ሰጠኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሥራ የገባሁት ሰማንያዋ ደርሶ ክርስትና በተነሳች ማግሥት ነው። በዚያ ዓመት የባለቤቴን በቆሎ በረዶ መቶት ስለነበር አራስ ነኝ ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። የበርበሬ ቅንጠሳ ያመለጣት ሴት ደግሞ እስከ ከርሞ ሥራ አታገኝም። አቧራው ስለሚያፍን ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው። ልጄ ከአማቴ ከእማማ ውድነሽ ጋር ትውል ነበር።

እማማ ልጄ ፊቷን ስታዞር ባዩ ጊዜ፣ «የሰው ዓይን ነው፣ አንች ልጅ! ተሸፋፍነሽ አጥቢያት» አሉኝ። ሰማኋቸው። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ለብሼው የዋልኩትን ነጠላ በሁለታችን ላይ ጣል አድርጌ ጓዳ ገባሁ። ባሰባት። በባሰባት ቁጥር ይበልጥ ሸፈንኳት።

ጡቴ ደነደነ። ቀላ። ትኩሳት ጣለኝ። አንዲት ጎረቤት፣ «የትኩሳት ወተት መርዝ ነው» አለች። ምክር ሲሆን ሁሉም ሐኪም ነው። በውኃ የቀጠነ የላም ወተት በጡጦ ተሰጣት። ተቅማጥ ያዛት። እርግብግቢቷ ጎደጎደ። ስታለቅስ እንባ የላትም። ከዚያ ማልቀሱንም ተወች። እማማ፣ «ተመስገን፣ ተሻላት» አሉ። እኔ ግን ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ሚኒባስ አስቁሞልን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ደረስን። ዶክተሩ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቶሎ አልተመለሰም።

«ከባድ ዲሃይድሬሽን ነው፤ ሰውነቷ ውኃ አልቆበታል» አለ። «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር።»

በደም ሥሯ ፈሳሽ ተሰጣት። የእኔን ጡት አይቶ ደግሞ፣ «ይኼ ማስታይቲስ የሚባል የጡት ብግነት ነው። ወተትሽ መርዝ አይደለም፤ ማጥባት ማቆምሽ ነው ያባባሰው» አለኝ።

ሲስተሯ ልጄን ልትመዝን ነጠላዬን ገልጣ አነሳቻት። ትንሽ ቆይታ ሲስተሯ በዚያው እጇ የራሷን ዓይን አሸት ብታደርግ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«የምን ሥራ ነው የምትሠሪው?»

«በርበሬ ቅንጠሳ።»

ዶክተሩ ነጠላውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አስነጠሰው። ማንም አልሳቀም።

በእኛ አገር ልጅ ጡት እንዲጥል ሲፈለግ የጡቱ ጫፍ ላይ እሬት ወይም በርበሬ ይቀባል። እኔም ሳላውቀው፣ ጥርስ እንኳ ያላወጣች ልጄን ከነጠላው ሥር ሳስጥላት ከርሜያለሁ። ከሰው ዓይን ልሰውራት የተከናነብኩት ነው ያቃጠላት።

ማገገሙ አዝጋሚ ነበር። ወተቴ ስለቀነሰ ሲስተሯ የቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ ጡቴ ላይ በፕላስተር አጣብቃ፣ ሌላውን የታዘዘላት ወተት ያለበት ኩባያ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ልጄ ስትጠባ ከኩባያው ታገኛለች፣ በመጥባቷም የእኔን ወተት ትቀሰቅሰዋለች። እኔም አንቲባዮቲኬን እየዋጥኩ ስጠብቅ ወተቱ መጀመሪያ በጠብታ፣ ኋላ በደንብ መጣ፤ ጉሮሮዋ ሲውጥ ስሰማ እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ለዚያች ዓይኗ ለተቃጠለ ሲስተር ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ዶክተሩንም እንዲሁ። በርበሬ የምትነኪ እናት ሆይ፣ የሥራ ልብስሽን፣ ነጠላሽንም ጭምር፣ ከደጅ አውልቂ። እጅሽን አስቀድመሽ በዘይት እሺው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ፤ ሳሙና ብቻውን አያወጣውም። ከልጅሽ ርቀሽ ስትውዪ ወተትሽን በንጹሕ ዕቃ እለቢው እንጂ ጡትሽ ላይ አይደንድን። የታመመ ልጅ ዝም ሲል ተሻለው አትበዪ። እኛ ሠራተኞቹ ባለመጋዘኑን ተሰብስበን ጠይቀነው አሁን አጥቢዎች ቀትር ላይ ወጥተው ያጠባሉ፤ እናንተም ጠይቁ።

ልጄ ሁለት ዓመት አልፏት በእግሯ እየመጣች ትጠባ ነበር። ያቺው ጎረቤታችን፣ «በርበሬ ቀቢና አስጥያት እንጂ» ብትለኝ እማማ ውድነሽ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«በርበሬ? እኔ ቁሜ? በቃኝ እስክትል ትጥባ!»

አንድ ቀን ራሷ በቃኝ አለች። ያን ዕለትም ፊቷን ከጡቴ አዞረች፤ ግን እየሳቀች ነበር።