ሳይማሰል የሰነበተው ፑዲንግ

ማቪስ ኦልድሮይድ ግትር ናት። ይህን የምለው እኔ ጎረቤቷ ፍረዳ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ካረጀን በኋላ ነው። ከዚያም በፊት በሱፍ ፋብሪካው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ሸምነናል። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ያደነቁር ስለነበር፣ እዚያ የሠራን ሴቶች ሁሉ አንዳችን የሌላችንን ከንፈር እያየን ነበር የምናወራው። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ልማዱ ግን አለቀቀንም። በመንደራችን በሃዘርሾ ባልና ሚስት ከመንገድ ማዶ ቢነታረኩ እኔና ማቪስ አንዲት ቃል አታመልጠንም። ሐሜተኞች ይሉናል። ታዲያ ምን እናድርግ፣ ዓይናችንን ጨፍነን እንሂድ?

የማቪስን የገና ፑዲንግ፣ ያንን በእንፋሎት የሚበስል የዘቢብ ኬክ፣ የማያውቅ ሃዘርሾ ውስጥ የለም። የገና በዓል ወር ከምናምን ሲቀረው፣ የማማሰያው እሑድ በሚባለው ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትልቁን ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ታወጣለች። ዘቢቡና የብርቱካን ልጣጩ ቀደም ብሎ በኮኛክና በጥቁር ቢራ ርሶ አብጧል። የበሬ ጮማው ተፈቅፍቆ ይገባል፤ ቀረፋው፣ ገውዙ፣ የዳቦ ፍርፋሪው ይከተላል፤ እንቁላሉ መጨረሻ ነው። ከዚያ ቤተሰቡ ከታናሽ ጀምሮ እስከ ታላቅ በየተራ ያማስላል፤ የሚያማስለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ነገር ይመኛል። ምኞቱን ለሰው የተናገረ አያገኘውም። ማንኪያው ደግሞ የግድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው፤ ሰብአ ሰገል የመጡት በዚያ ነዋ። በኦልድሮይድ ቤት ማድ ቤት ውስጥ ምሥራቁ መስኮቱ ነው፣ ምዕራቡ በሩ።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። የማቪስ አንድያ ልጅ ኪት ግራኝ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ማንኪያውን በግራ እጁ ይይዝና ከበሩ ወደ መስኮቱ ይጎትተዋል። አባቱ ክሊፎርድ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በየተራራው የድንጋይ አጥር ሲክብ የኖረ ሰው ነው፤ ድንጋይም ሆነ ሰው በቦታው ካልተቀመጠ ያመዋል። “አንተ ልጅ! ሰብአ ሰገልን ወደ ኋላ እየመለስካቸው እኮ ነው!” እያለ ማንኪያውን ነጥቆ በቀኝ እጁ ያስይዘዋል። ያኔ እንስቅ ነበር። ኪት አድጎ የአባቱን ሥራ ትቶ አውቶቡስ ጥገና ሲገባ ግን ቀልዱ እየመረረ ሄደ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በገና ማዕድ ላይ፣ ፑዲንጉ ኮኛክ ፈሶበት፣ እንደ ደንቡ በክብሪት ተለኩሶ ሰማያዊው ነበልባል ገና ሳይከስም፣ ክሊፎርድ በእንግዳ ፊት አፉን ከፈተ። “ይሄ ልጅ ከማንኪያ አያያዙ ጀምሮ ኑሮውን ሁሉ የያዘው በተገላቢጦሽ ነው” አለ። ኪት ማንኪያውን አስቀመጠ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

ዓምና ማቪስ ያለ እሱ አማሰለች። ፑዲንጉ ሲገለበጥ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ክብሪቱም ቢጫር ቢጫር እሳት እምቢ አለ። “ኮኛኩን ሳታሞቂ ስላፈሰስሽው ነው” ብላት ማን ይሰማኛል።

“ሰው ጎድሎበት ነው” አለች፣ አለቀ።

ዘንድሮም እሑዱ ደረሰ። ሳህኑ ወጣ፣ ከእንቁላሉ በቀር ሁሉም ገባ። ከዚያ ማቪስ ንጹሕ ጨርቅ አለበሰችውና ወደ ቀዝቃዛው ጓዳ ወሰደችው።

“ምን ማድረግሽ ነው?” አልኳት።

“ኪት መጥቶ ካላማሰለ እንቁላል አይገባበትም። እሳትም አያይም።”

“ደውለሽለታል?”

“በየቀኑ። ‘ሥራ በዝቶብኛል እማዬ’ ይለኛል።”

“ክሊፎርድስ?”

“እሱማ ‘በሩ አልተቆለፈም፣ መንገዱም አልጠፋውም’ ይላል።”

እኔ ብሆን ሁለቱንም በዚያው የእንጨት ማንኪያ አናት አናታቸውን ባልኳቸው። ማቪስ ግን በየጠዋቱ ጓዳ እየገባች፣ ዘቢቡ እንዳይደርቅባት ኮኛክ ጠብ ታደርግበታለች። ሳምንቱ ሲጋመስ ጓዳው መጠጥ ቤት መጠጥ ቤት መሽተት ጀመረ። ክሊፎርድ ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያወርድ፣ “ያ ሳህን ትንሽ ከቆየ ዘፈን ይጀምራል” አለ። ቀልዶ ሊያስታርቅ መሆኑ ነው። ማቪስ አልሳቀችም። ዕቃ የምታጥብ መስላ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ እንባዋ ከውሃው ጋር ሲወርድ ያየሁት እኔ ነኝ።

“ሁለቱ ሳይታረቁ አንዱን እቀብራለሁ፣ ፍረዳ” አለችኝ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ። እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ ኪት የኔም ልጅ ነው፣ በዚያ ማድ ቤት ስንት ዓመት ሲያማስል አይቼዋለሁ።

“እንግዲህ እሱ ካልመጣ ሳህኑ ይሂድለታ” አልኳት፣ ላስቃት ብዬ።

በማግሥቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ማቪስ የእሑድ ኮቷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ሳህኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ቆማለች። “እንቁላሎቹን አንቺ ያዢ” አለችኝ።

አውቶቡስ ላይ ስንወጣ ሾፌሩ ሳህኑን አየና፣ “እማማ፣ እሱም ትኬት ይቆርጣል እንዴ?” አላት።

“አንተ ዝም ብለህ ንዳ፤ ሽታው ብቻ እንዳያሰክርህ።”

ከኋላችን የተቀመጠችው የሥጋ ሻጩ ሚስት ብሬንዳ አንገቷን አሰገገች። “ማቪስ፣ እባክሽ አንዴ ላማስል፤ የምመኘው ነገር አለኝ።”

“ያንቺን ምኞት አገር ያውቀዋል፤ እጅሽን ሰብስቢ! መጀመሪያ ልጄ ነው።” አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ማቪስ ራሷ ግን ሳህኑን ጨብጣ መንገዱን ብቻ ታያለች። ኪት እምቢ ቢላትስ? በሰው ፊት ቢያፍርባትስ? ይህን እያሰብኩ እኔም አንዱን እንቁላል ኪሴ ውስጥ ሰበርኩት።

ስኪፕተን ከተማ፣ ኪት የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ሞተሩ ተከፍቶ ያጓራል። ኪት ከሥሩ ተንሸራቶ ወጣ፣ ፊቱ በግራሶ ተለቅልቋል። እኛን ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ።

“እማዬ! ምን ሆናችሁ? አባዬ ነው?”

“አባትህ ደህና ነው፣ ጋዜጣውን ታቅፎ ተቀምጧል። ሂድ እጅህን ታጠብ።”

“ሰው እያየ እኮ ነው!”

“ይየን።”

መፍቻውን ሁሉ በክንዷ ገፋ አድርጋ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። እኔ የተረፉትን እንቁላሎች ሰባብሬ ጨመርኩ። ኪት ታጥቦ ሲመለስ የጋራዡ ሰው ሁሉ ከቦናል።

“ቆይ፣ ምሥራቁ በየት ነው?” አለ አንዱ።

“በዚህ በኩል ነዋ!”

“ዝም በል፣ አንተ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ የት ታውቅና! ሁልጊዜ አርፍደህ አይደል የምትገባው?”

“ተዉት” አለች ማቪስ። “ልጄ በፈለገው በኩል ያማስል።”

ኪት ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ማንኪያውን በግራ እጁ ያዘና ዓይኑን ጨፍኖ ማማሰል ጀመረ። ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲመኝ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እናቱ ያኔ ብስክሌት ሲመኝ አይታዋለች፣ ቡችላ ሲመኝ አይታዋለች፤ አንድም ቀን ግን አልነገረችውም። ሞተሩ እያጓራ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

አባዬ ና ይበለኝ።

እኔም አየሁ፣ ማቪስም አየች። ማንኪያውን ተቀበለችው፣ ጉንጩን ሳመችውና ግራሶውን ፊቷ ላይ ይዛ ወጣች።

ስንመለስ ለተሳፋሪው ሁሉ ፈቀደች፤ ሳህኑ ከወንበር ወንበር እየዞረ ተማሰለ። እሷ በመስኮት ታያለች።

“ለክሊፎርድ ንገሪውና ይገላግለን” አልኳት።

“ከነገርኩትማ ምኞቱን አበላሸሁበት።”

“አሁን ይሄ የልጅ ነገር…”

“ደግሞስ ፍረዳ፣ ጥራው ተብሎ የጠራ አባት ጠራ ይባላል?”

ክሊፎርድ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። “ሳህኑን ተሸክማችሁ የት ጠፋችሁ?”

“ስኪፕተን” አለች ማቪስ፤ አልፋው ገብታ ሳህኑን አስቀመጠች። እሱም ተከትሏት ገባ፤ ኮቷን እስክትሰቅል ቆየና፣ “አማሰለ?” አላት።

“አማሰለ።”

“በየት በኩል?”

“እንደ ልማዱ።”

“ምን አለ?”

ማቪስ አየችኝ። እኔ ምላሴን ነክሼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። “ምንም” አለች። “አማሰለና ወደ ሥራው ተመለሰ።” ከዚያ የራሷን ተራ አማሰለችና ማንኪያውን ለባሏ አቀበለችው። የቤቱ ታላቅ እሱ ነው፣ የመጨረሻው ተራ የእሱ ነው።

ክሊፎርድ መስኮቱን አየ። በሩን አየ። ማንኪያውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ አዛወረና ከበሩ በኩል ጀመረ። አልለመደውም፤ ማንኪያው ከሳህኑ ጠርዝ ጋር ተጋጨበት፣ ዘቢብም ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ።

“ምን እያደረግህ ነው?” አለች ማቪስ።

“እነሱም እኮ መጨረሻ ላይ ተመልሰዋል” አለ፣ ቀና ሳይል። “ሰብአ ሰገል። በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ገቡ ይላል መጽሐፉ።”

ከማቪስ ጋር ሊጡን በሳህን በሳህኑ ሞላነው፣ በጨርቅ ሸፍነን በሲባጎ አሰርነውና በእንፋሎት ሊበስል ተጣደ። ማሰሮው ቀኑን ሙሉ መንተክተክ አለበት፤ ውሃው እንዳያልቅ የሚጨምርበት ሰው ያስፈልጋል። ኪት ልጅ እያለ የዚያ ቤት ውሃ ጨማሪ እሱ ነበር።

ክሊፎርድ ማሰሮውን ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጣና ስልኩን አነሳ። ጀርባውን ሰጥቶናል፣ የሚያወራውም በሹክሹክታ ነው። ሰውየው ግን ፊት ለፊቱ መስታወት መኖሩን ረስቷል፤ ማድ ቤቱ ውስጥ ሁለት የሱፍ ፋብሪካ ሴቶች እንዳሉም ረስቷል።

“እኔ ነኝ” አለ ከንፈሩ። “ፑዲንጉ ተጥዷል… ውሃ የሚጨምርልኝ የለም።” ከዚያ፣ “ና፣ ልጄ።”

ማቪስ ሽርጧን አፏ ላይ ጠቅጥቃ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍረኛል።

ኪት ሊመሻሽ ሲል የሥራ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ በጓሮ በር ገባ። እንደ ድሮው ማንንም ሳይጠይቅ ማንቆርቆሪያውን በግራ እጁ አነሳና ማሰሮው ላይ ጎንበስ አለ። ክሊፎርድ የማሰሮውን ክዳን ያዘለት።

“ቀስ ብለህ” አለው። “እንፋሎቱ እንዳያቃጥልህ።”