ከአጥሩ ማዶ ያለው መሬት

ትሮንድ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ሲቆም፣ ሲግሪ ምድጃው አጠገብ ያኖረችውን ሳህን አፈር በጣቷ እየፈለፈለች ነበር። ጎረቤታቸው ትሮንድ ሳይቀልድ ገብቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ፈራች።

«እህቴ፣ ተቀመጪ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ቴሌግራም መጣ። ሃልቮር ትናንት አረፈ። ሳንባው ነው አሉ።»

ባሏ ሃልቮር ከኖርዌይ የመጣው በልጅነቱ ነው። በአሜሪካ የሚኒሶታን ሜዳ በበሬ ገልብጦ፣ ከነሣሩ በቆረጠው አፈር ቤት ሠርቶ፣ ስንዴ ሲዘራ ኖረ። አምና ስንዴው ሊታጨድ ሲል አንበጣ ወረደ። አዝመራውን በልቶ፣ የማጭዱን እጀታ ግጦ፣ እንቁላሉን መሬት ውስጥ ጥሎ ሄደ። ሲግሪ እስከ ዛሬ የአንበጣው ጥርስ ድምፅ ይሰማታል፤ ደረቅ ሣር ውስጥ የሚሄድ እሳት ይመስላል።

ገበሬው ሁሉ እንቁላሉን ውርጭ እንዲገድለው ብሎ ማሳውን አረሰ። ከአጥሩ ማዶ ያለው የባቡር ኩባንያ መሬት ግን ሳይታረስ ቀረ። ሃልቮር የኩባንያውን ወኪል አሳርስ ብሎ ቢለምን ሰውየው ሳቀበት። ያኔ ነው በትምህርት ቤቱ በተደረገው የገበሬዎች ስብሰባ ተነስቶ፣ «የነሱ ካልታረሰ የኛ መታረስ ከንቱ ነው» ያለው። ከዚያ በላይ አልተናገረም። የምክር ቤት እንደራሴ አድርገው መረጡት።

«አንተ ለበሬህ እንኳ ሁለት ቃል አትናገርም፣ እዚያ ምን ልትል ነው?» አለው ትሮንድ።

«በሬዬ በአንዱ ይገባዋል።»

ሊሄድ ሲል ያስለው ነበር።

«ደረትህ አላማረኝም፤ ቅር» አለችው ሲግሪ።

«ብቀር ኩባንያውን ማን ያሳርሰዋል?»

ከአጥሩ ማዶ ቆፍሮ፣ በትምባሆ ቆርቆሮ አፈር ይዞ ሄደ። ምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ከምድጃው ሥር አስቀመጠው። ሌሎቹ እንደራሴዎች «ገበሬው ርስቱን ተሸክሞ መጣ» እያሉ ተሳሳቁ። ሙቀቱ ሲሰማቸው ግን አፈሩ ውስጥ ያሉት የአንበጣ እንቁላሎች ተፈለፈሉ። ወረቀቱ ላይ፣ ወንበሩ ላይ ወጡ፤ የኩባንያው ወዳጆች እግራቸውን ሰቀሉ። መሬት ያለው ሁሉ እንዲያርስ የሚያስገድደው ሕግ በመጨረሻው የስብሰባ ቀን ድምፅ እንዲሰጥበት ተቀጠረ። ሃልቮር ይህን የጻፈላት ታሞ ከተኛበት ነው።

«ድምፅ ሰጡ?» አለች ሲግሪ።

ትሮንድ ባርኔጣውን አዟዟረ። «ለሱ ክብር ብለው ድምፅ ሳይሰጡ ስብሰባውን ዘጉ። ሕጉ ለከርሞ ተላለፈ።»

እሷም ከአጥሩ ማዶ ያመጣችውን የሳህን አፈር አየች። አፈሩ ላይ የስንዴ ፍሬ የማታህል ነጭ አንበጣ እግሮቿን ትዘረጋለች።

«ደግ አደረጉ» አለች ቀስ ብላ።

ውጭ በረዶው እየቀለጠ ከጣሪያው ይንጠባጠባል። ከአጥሩ ማዶ ያለው መሬት አልታረሰም።