በዱባይ ተራ ማይክ ስሞክር

ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት፣ ኢንተርኔት ደስ ሲለው የሚመጣበት ጊዜ ነበር። እኔም ፖድካስት ለመጀመር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልታየኝም። ዛሬም ማይክ በያዝኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሦስት ወር ሙሉ ስለ ማይክ አጠናሁ። አስተማሪውም ተማሪውም እኔ ስለነበርኩ ሁለታችንም ጎበዞች ነበርን። ቤታችን እህል በረንዳ ጀርባ ነው፤ የጭነት መኪና ጡሩምባ አይጠፋም። ስለዚህ የቅርብ ድምፅ ብቻ የሚይዝ ማይክ ያስፈልገኝ ነበር። የአሥራ አንድ ማይኮችን ባሕርይ ደብተሬ ላይ በሠንጠረዥ አሰፈርኩ። አቅሜ ለአንድ ብቻ ነው፤ መርካቶ ዱባይ ተራ ደግሞ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ከተሳሳትኩ ፖድካስቱ ሳይጀመር አለቀለት።

የገባሁበት ሱቅ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። "ለሠርግ ነው ለስብከት?" አሉኝ።

"ለፖድካስት ነው፣ ጋሼ። እንደ ሬዲዮ ነው፤ ግን በኢንተርኔት።"

"መንግሥት ያውቃል?"

"እንኳን መንግሥት እናቴም አታውቅም።"

ሳልሞክር እንደማልገዛ ነገርኳቸው፤ ሰክተው ሰጡኝ። ሌላው ሰው "ሄሎ፣ ሄሎ" ብሎ ይገዛል። እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ። ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ የመጀመሪያ ዝግጅቴን መግቢያ ከደብተሬ አነበብኩ።

"ውድ አድማጮቼ፣ ዛሬ ስለ ዝምታ እንነጋገራለን። በዚህች ጫጫታ በሞላባት ከተማ ዝምታችንን ማን ወሰደብን?"

ማይኩ የተሰካው በር ላይ ከቆሙት፣ እኔን ከሚያካክሉ ስፒከሮች ጋር መሆኑን ያወቅኩት ድምፄ ከመንገዱ ማዶ ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ዞር ስል መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ጆንያ የተሸከመ ወዛደር ሸክሙን እንኳ ሳያወርድ "አንተ ነሃ የወሰድከው!" ብሎ ሰዉን አሳቀ።

ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት ተቆጡት። "ተወው እስቲ! ቀጥል ልጄ፣ ከዚያስ?"

ገጹን ገለጥኩ፤ የማይኮቹ ሠንጠረዥ ነው። ቀጣዩን ገለጥኩ፤ ስለ ገመድ ዓይነቶች ይላል። በሦስት ወር ውስጥ ከዚያች መግቢያ በኋላ አንድ መስመር አልጻፍኩም ነበር።

"አለቀ፣ እትዬ" አልኩ። ይህም በስፒከር ተሰማ።

ባለሱቁ ማይኩን ተቀብለው ወደ ካርቶኑ መለሱት። "ሂድና ወሬውን ጨርሰህ ና። ማይክ እንደሆነ አይጠፋም" አሉኝ። መርካቶ ውስጥ አልሸጥም ያለኝ ነጋዴ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጽፌ ስጨርስ ተመልሼ ከእሳቸው ገዛሁ። ሠንጠረዤ ትክክል ነበር፤ የመኪና ጡሩምባ አይሰማም። አሁን እፍረቱ ለቆኛል፤ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ያህል አድማጭ በአንድ ጊዜ ያገኘሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። "ከዚያስ?" ያለኝ ሰውም እስከ ዛሬ አልተገኘም።