ለእናቴ ተዝካር የተቀለበው ሰንጋ

እናቴ ያረፈችው በግንቦት ነው። አባቴ ሙት ዓመቷን በራሷ ላም ጥጃ ሊያወጣላት ቆረጠ። ከዚያ ወይፈን ሌላ የሚታረድ ነገር በግቢያችን አልነበረም።

በደባት ገጠር ሰንጋ የሚቀለበው ተዘግቶ ነው፤ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት። አባቴ በታኅሣሥ ጋጥ ውስጥ አስገባው። ወንዝ አውርዶ ውኃ የሚያጠጣውም ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሰው ከመንገድ ወደ ቤቱ ሲገባ ነበር። መኖው የገብስ ገለባ፣ የባቄላ ክክና የጠላ አተላ ነው። ገለባው አውድማ ላይ ፀሐይ ያነጣው ነበር፤ በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት፣ የሣር አረንጓዴነት ሲጠፋ ለዓይን የሚሆነውም ነገር አብሮ ይጠፋል። ከምንጩ በታች ያለውን ለምለም ሣር የምናጭደው ለበቅሏችን ብቻ ነበር። አባቴ "እርጥብ ሣር ስብ ያጥባል" ይላል።

ጎረቤታችን በር ላይ ቆሞ፣ "ይሄ ሰንጋ ነው ሙሽራ? ሚዜ ብቻ ነው የቀረው" ይለዋል።

"አንተ ዓይንህን ወዲያ በልልኝ።"

ሁለቱም ይስቃሉ።

ሰንጋው ሰባ። በመጋቢት ግን ዓይኑ ያነባ፣ ጠጉሩም ይሻክር ጀመር። ቀን ደህና ነው፤ ሲመሻሽ መቃኑን ይገጫል። አባቴ "ዓይን በልቶታል" አለና የጋጡን ቀዳዳ በእበት መረገው።

የገበሬ ማኅበሩ ከብት ለማስከተብ ሲጠራን፣ ከደባርቅ የመጣውን የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ለምኜ ወደ ቤት አመጣሁት። አገላብጦ አየው።

"አባባ፣ ርቦት ነው" አለ።

"ወገቡን እየው እስቲ። ይሄ ነው የራበው?"

"የራበው አረንጓዴ ነገር ነው። ክረምት ከጋጠው ሣር ጉበቱ ያስቀመጠው ነበር፤ እሱ አልቋል። ቫይታሚን ኤ ይሉታል። ሲጨልም አያይም። ለበቅሎዋ ከምታጭዱላት ለምለም ይስጡት።"

"ከተዝካሩ በፊትማ አላስቀዝነውም" አለ አባቴ።

በሚያዝያ አንድ ምሽት እኔ ከኋላ ሆኜ፣ አባቴ ገመዱን ይዞ ከወንዝ ስንመለስ ውሻ ጮኸ። ሰንጋው በርግጎ ገመዱን ከአባቴ እጅ አስለቀቀና ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል አቀና። አልሮጠም። መንገድ ያለ መስሎት እንደተራመደ ገደል ገባ።

አባቴ ቢላዋ ወርውሮልኝ ቁልቁል ወረድኩ። አፍንጫው ላይ እጄን አኖርኩ፤ ትንፋሽ የለም።

"ባርከው! በስመ አብ በልና ባርከው!" አለ ከላይ።

"ሞቷል አባባ።"

"ገላው አይሞቅም?"

"ይሞቃል። ግን ሞቷል።"

ቢላዋ ሳይደርስለት የሞተ በክት ነው፤ ክርስቲያን አይቀምሰውም። ለአሞራ ተውነው።

ተዝካሩ በሽሮና በጠላ ወጣ። የነፍስ አባታችን፣ "ለነፍሷ የሚደርሳት ጸሎቱ ነው፤ ሥጋው አይደለም" አሉት። አባቴ መስቀላቸውን ተሳለመ። ዳሱ ውስጥ ግን አልገባም። ሰው ሁሉ በልቶ እስኪሄድ ውጭ ቆሞ፣ የሚወጣውን ሁሉ፣ "አላበላኋችሁም፤ ይቅር በሉኝ" ይል ነበር።