ነገሬና ድምፅ የሌላት መኪና

ባለቤቴ ነገሬ መካኒክ ነው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ አለችው፤ እኔ በሯ ላይ ሻይና ብስኩት እሸጣለሁ። እሱ እንደ ሌላው መካኒክ ተቻኩሎ መፍታት አይወድም። ሞተሩን ያስነሳና የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። «ቫልቩ ነው» ካለ ቫልቩ ነው። ከዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ይመጡለት ነበር።

የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግን ደንበኛው ሳሳ። በሬዲዮ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ለልማት ይውላል። አልቃወምም። ጭሱን ስጠጣ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ደረቴ ይመስክር። «ሁሉም ተጠቃሚ ይሆናል» ሲሉ ግን ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ሥልጠና አለ ተብሎ ነገሬ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ለብሶ ሄደ። አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰ አንቀበልም አሉት። እሱ ስድስተኛ ላይ ነው ያቆመው። ሲመለስ ሻይ እንኳን አልጠጣም።

ከዚያ መሸሻ መጣ። መሸሻ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ልጆቹን ያሳደገባትን አሮጌ መኪና ዕድሜ ልኳን የጠገነለት ነገሬ ነው። አሁን እሷን ሸጦ ኤሌክትሪክ ገዝቷል። አዲሷ ምንም አልሆነችም፤ ሰውየውን ይሉኝታ ይዞት ነው።

«ጋሽ ነገሬ፣ ከፊት በኩል የሆነ ድምፅ አለ መሰለኝ፤ እስቲ ይዩልኝ» አለ።

ነገሬ ኮፈኑን ከፍቶ ካቻቢቴውን አንዱ ክዳን ላይ ተከለና ጆሮውን አስደገፈ። ቆየ፤ በጣም ቆየ። ምንም እንዳልሰማ ፊቱ ላይ አየሁት። «አልሰማሁም» ቢል ምን ነበረበት? «አዎ፣ አለ» አይል መሰላችሁ! ክዳኑን ፈታ፣ ውስጡን አየ፣ መልሶ አሰረ። መሸሻም «ተሻላት» ብሎ አመስግኖ ሄደ። ሁለቱም ዋሹ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ያ ክዳን ለካ የታሸገ ኖሯል። ሻጮቹ «ሰው ነክቶታል» ብለው የመኪናዋን ዋስትና ሰረዙ። ይህን የነገረን ሌላ ሹፌር ነው፤ መሸሻ ትንፍሽ አላለም። ነገሬ ያን ሰሞን ጋራዡን ከፍቶ፣ እጁን አጣምሮ ይውል ጀመር። መሸሻ መጥቶ ቢቆጣው ይሻለው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ መሸሻ መኪናዋን ይዞ ብቅ አለ። ጋራዡ ውስጥ አንድም መኪና የለም። ነገሬን ሳያየው፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሽ ነገሬ፣ ዛሬ እንኳን... ይጠቡልኝ» አለው።

ነገሬ እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ «ባልዲና ጨርቅ አምጪ» አለኝ። አመጣሁለትና እንባዬን እንዳያይ ዞር አልኩ። ጎማዎቹን አጠበ፣ በሮቹን አጠበ። ከፊት ሲደርስ ኮፈኑን ከፈተና ጨርቁን እንደያዘ ቆመ።

«መሸሻ» አለ፤ «እዚህ ጋ ውሃ ቢነካው ችግር አለው እንዴ?»