እሳት ልትጭር የመጣችው እንግዳ

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ሱሉልታ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ባለ የኪራይ ግቢ ነበር። ግቢው የኦቦ ደገፋ ነው። እሳቸው ከባለቤታቸው ከአዴ ጫልቱ ጋር በትልቁ ቤት፣ እኛና ሌሎች ተከራዮች ደግሞ በጎን በተደረደሩት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች እንኖር ነበር። ከአጥሩ ጀርባ የባሕር ዛፍ ጫካ ይጀምራል፤ ጉሙም የሚመጣው ከዚያ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ ከዚያ የውሃ በርሜሉን እየዋጠ ይጠጋል፤ እኛ ደጃፍ ሲደርስ እናቴ በር ትዘጋለች።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። መብራት ሲጠፋ ኦቦ ደገፋ የከሰል ምድጃቸውን ይዘው ወደ በረንዳቸው ይወጡና «ኢጆሌ፣ ኮታ» ብለው ይጣራሉ፤ ልጆች፣ ኑ ማለታቸው ነው። የኩራዙ ጭስ እንደ ጥቁር ክር ወደ ቆርቆሮው ይወጣል። የፍሙ ቀይ ብርሃን ፊታቸውን ከታች ስለሚያበራው ዓይናቸው የት እንዳለ አይታወቅም፤ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። ጅብን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ዋራቤሳ ነበር የሚሉት። እኛ ልጆቹ ታዲያ ነገሩን ለሁለት ከፍለነው ነበር፤ ጅብ ማለት መንገድ ዳር የሚጮኸው እንስሳ ነው፣ ዋራቤሳ ግን የኦቦ ደገፋ ተረት ውስጥ ያለው፣ ሰው መስሎ የሚቆመው ነው።

ሕግ ነበራቸው። አንድ ነገር ተናግረው ትንፋሽ ሲወስዱ እኛ «ኤዬ» ማለት አለብን፣ እሺ እንደማለት። ዝም ካልን ተረቱ እዚያው ይቆማል። ደግሞ የተጀመረ ተረት በዚያው ምሽት ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ የተጠራው አውሬ መመለሻ ያጣና ግቢ ውስጥ ያድራል ይሉን ነበር።

እናቴ ይህን አትወድም። በምሽት የክፉ ነገር ስም አይነሳም ትላለች፣ ግንባራችን ላይ እያማተበች። እኛ ግን ዞር ስትል ሾልከን እንሄዳለን። ታናሽ እህቴ መስኪ ቀን እንኳ ብቻዋን ሽንት ቤት የማትሄድ ፈሪ ናት፤ ተረት ላይ ግን ከሁላችን የባሰውን የምትጠይቀው እሷ ነበረች። ኦቦ ደገፋ የጦጣ ጨዋታ ሲጀምሩ «እሱን አይደለም፣ የሚያስፈራውን» ብላ ታቋርጣቸዋለች። ከዚያ ቀሚሴን በጡጫዋ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ምኑ እንደሚጣፍጠን እኔም አላውቅም ነበር፤ ጀርባዬን እየበረደኝ፣ እንዳያቋርጡት እለምናቸው ነበር።

እናቴ ወሯ በገባበት ሰሞን አባቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበርና ወደ ጎጃም ወጥቶ ነበር። ምጡ ከቀትር በኋላ ጀመራት። ጎረቤታችን እትዬ ወይንሸት ብዙ ሴት ያዋለደች ናት፣ እሷ ገባች፤ ሌሎች ሴቶችም ተከተሏት፤ እኔና መስኪ ወደ ኦቦ ደገፋ በረንዳ ተላክን። ከቤታችን «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው የሴቶቹ ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ደመቅ ያለ ነበር፣ መሃል ላይ ይሳሳቁም ነበር። ጉሙ አጥሩን ሲያልፍ ሳቁ ቀረ። ሲመሽ የማርያምን ስም የሚጠሩት በሹክሹክታ ሆነ፤ በበሩ ሥር የሚታየው የኩራዝ ብርሃን ወዲያና ወዲህ ይሮጣል።

ኦቦ ደገፋ ዓይናቸው እዚያ በር ላይ ነበር። የጦጣውን ጀመሩ። መስኪ የሚያስፈራውን አለች። ዛሬ ይቅር አሏት። እኔም የሚያስፈራውን ይንገሩን ብዬ ለመንኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ያኔ አልገባኝም። የበሩን ሥር ላለማየት የምይዘው ነገር ፈልጌ ይመስለኛል፤ የጦጣው ጨዋታ ለዚያ አቅም አልነበረውም። እሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም፤ ፍሙን ቆስቆስ አድርገው ጀመሩ።

ጫካ ዳር ብቻዋን የምትኖር አንዲት እመጫት ነበረች አሉ። ኤዬ። በየምሽቱ አንዲት የማታውቃት ሴት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ እሳት ልትጭር ትመጣለች። ኤዬ። እሳት አይከለከልምና እመጫቷ ፍም ትሰጣታለች። መጀመሪያ እንግዳዋ ደጅ ቆማ ተቀበለች፤ በማግስቱ ደፍ ላይ፤ ቀጥሎ ምድጃው አጠገብ። ፍሙን የምትቀበለው በባዶ እጇ ነው፣ እጇም አይቃጠልም። ኤዬ። አንድ ምሽት እሳቱ ሊጠፋ ሆነ፤ እመጫቷ እፍ ልትል ስታጎነብስ እንግዳዋ «ሕፃኑን ልያዝልሽ» አለቻት። ሰጠቻት። ነበልባሉ ቦግ ሲል ቀና ብላ አየች፣ ነጠላው ወርዷል…

«ኤዬ» አልን። እሳቸው ግን ዝም አሉ። በራችን ተከፍቶ ነበር።

እትዬ ወይንሸት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣችና «ኦቦ፣ አልሆነልንም፤ መኪና መንገድ ትድረስ» አለች። ወንዶቹ ከየቤቱ ወጡ፤ በሁለት አጣና ላይ ብርድ ልብስ አስረው ቃሬዛ ሠሩ። እናቴን ሲያወጧት ፊቷን አላየሁም፤ አንድ እጇ ብቻ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ኦቦ ደገፋ ዱላቸውን ይዘው ሲነሱ መስኪ «ተረቱስ?» አለቻቸው። ስመለስ ብለዋት ሄዱ። የባትሪያቸው ብርሃን ጥቂት ተወዛወዘና ጉሙ ውስጥ ጠፋ።

አዴ ጫልቱ ቤት አስገብተው ወተት ሰጡን። አማርኛ ብዙ አይችሉም ነበር፣ ደጋግመው ራሳችንን ይዳብሳሉ። መስኪ ወተቱን አልነካችም። ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «አላለቀም እኮ» አለችኝ። «ዋራቤሳዋ ግቢ ውስጥ ናት። እማዬ በየት ትገባለች?»

እኔም ይህንኑ እያሰብኩ ነበር። ለትልቅ ሰው ያስቅ ይሆናል፤ ለእኛ ግን የእናታችን መመለስና አለመመለስ እዚያ የተቋረጠው ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ስለዚህ ተረቱን እኔ ጨረስኩት። ነጠላው ሲወርድ የዋራቤሳ ፊት ነው አልኩ። «ኤዬ» አለች መስኪ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ሕፃኑን ይዛ ወደ ጫካው ሮጠች። ኤዬ። እመጫቷ የሚነድ እንጨት ይዛ ተከተለቻት፣ ጫካው በራ፣ ሕፃኑን አስጣለቻት፣ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። መስኪ ማለቁን ደጋግማ ጠየቀችኝና ወተቷን ጠጥታ ተኛች።

እናቴ ተመለሰች። ብቻዋን ተመለሰች። ወንድ ልጅ ነበር አሉ። ክርስትና ሳይነሳ የሄደ ሕፃን ደግሞ በእኛ ዘንድ ድንኳን አይጣልለትም፣ ልቅሶ ደራሽ የለውም። ሴቶቹ የመጡት አራስ ሊጠይቁ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል፤ አሜን ትላለች፤ ገንፎው ይቀርባል፤ ማንም እልል ሳይል ይበላል። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር፣ ተይ፣ አንቺን አትርፎ የለ ወይ፣ እግዜር ይቀየማል ይሏታል። እናቴ እግዜርን ማስቀየም የምትደፍር ሴት አልነበረችም፣ ትውጠዋለች። ጡቷ ግን ይህን አልሰማም፤ ወተቱ ቀሚሷን ስለሚያርሰው ጨርቅ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ትከታለች፣ ጨርቁንም የማጥበው እኔ ነበርኩ። እየቆየች መብላት ተወች፤ ከዚያ መናገር። ከጎጃም የተመለሰው አባቴ ሲያናግራት በግድግዳ ማዶ እንዳለ ሰው ታየዋለች። እትዬ ወይንሸት ደጅ ቆማ ለኦቦ ደገፋ «ይቺ ልጅ ከእጃችን እየወጣች ነው» ስትል ሰማኋት።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ኩራዙን ለኩሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድንገት «ያን ለት ኦቦ ደገፋ ምን ነበር የሚነግሯችሁ?» አለችኝ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ምጡ መሃል ድምፃቸው በግድግዳው ይመጣ ነበር። እሳት የምትጭር ሴት አለች መሰለኝ። ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ኩራዙ እየተርገበገበ፣ የሁለታችን ጥላ ጭቃው ግድግዳ ላይ እየተለቀና እየጠበበ፣ እንግዳዋን ከደጅ ወደ ደፍ፣ ከደፍ ወደ ምድጃ አመጣኋት። ሕፃኑን ሰጠቻት ስል እናቴ ትንፋሿን ያዘች። እኔም ፈጠን ብዬ፣ እመጫቷ ሮጣ ሕፃኑን አስጣለቻት አልኩ።

«አይደለም» አለች እናቴ። «አላስጣለቻትም። አትመልሺው፣ ልጄ። እንደሆነው ንገሪኝ።»

ጫካው ጨለመባት፣ ቤቷ ተመለሰች፣ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች አልኩ።

«ከዚያስ?»

«አለቀሰች።»

«እንዴት አድርጋ?»

ልቅሶ ቤት ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰች፣ ደረቷን መታች፣ ስሙን እየጠራች አልኩ። ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እናቴ ትንሽ አሰበችና ለዚያ ለተረቱ ሕፃን ስም አወጣችለት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ጠራችው፤ ከዚያ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ ደረቷን እየመታች አለቀሰች።

ሴቶቹ ሮጠው መጡ። ኦቦ ደገፋ ቀድመዋቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ ዱላቸውን በመቃኑ ላይ አጋድመው።

«ተዉአት» አሏቸው። «ተረት እየሰማች ነው።»

በዚያ ምሽት እናቴ ትንሽ ገንፎ ቀመሰች። በማግስቱ፣ ገና ሳይመሽ፣ ያችኑ ተረት ንገሪኝ አለችኝ፤ በሌላውም ቀን እንደዚያው። ስነግራት ታለቅሳለች፣ አልቅሳ ፊቷን ትታጠባለች። ሰው የሚያመውን ነገር ለምኖ ሲሰማ ያየሁት ያኔ ነው። በኋላ ሳስበው ቤተ ክርስቲያንም ያለ ነገር መሰለኝ፤ ስቅለት ለት ቀኑን ሙሉ ቆመን፣ ችንካሩን አንድ በአንድ ስንሰማ፣ ይህን ይዝለሉልን የሚል ሰው የለም። መከራውን እናውቀዋለን፣ እንሄዳለን፣ አልቅሰን ቀሎን እንመለሳለን። እኔ ብዙ አልተማርኩም፣ ከዚህ ያለፈ ማስረጃ የለኝም። በራሱ ሐዘን ማልቀስ የተከለከለ ሰው በሌላ ሰው ሐዘን በኩል ሲገባ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን የምንኖረው ቡራዩ ነው። ትልቋ ልጄ ሲመሽ ብርድ ልብስ ተከናንባ በስልኳ የሚያስፈራ ፊልም ታያለች፤ ትጮሃለች፣ ትስቃለች፣ አልዘጋውም ትላለች። ጓደኞቿ እቤታችን መምጣት ካቆሙ ወዲህ ደግሞ ብሶባታል፤ ምን እንደሆነ ስጠይቃት ምንም የለም ትለኛለች። ስልኩን መቀማት እችል ነበር። አልቀማትም፤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ፊልሙን አላየውም። የማየው የልጄን ፊት ነው፣ ከዚያ ፍርሃት ስንቱ የፊልሙ፣ ስንቱ የራሷ እንደሆነ ለመለየት።